አልማዝን ይዤ ጅማ

እሑድ ማታ፣ አዲስ አበባ

ለእናቴ ደውዬ «ነገ አልማዝን ይዤ ጅማ እሄዳለሁ» አልኳት። ለአፍታ ዝም አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «የማን ልጅ ናት?» ብላ ጠየቀችኝ።

የማንም ልጅ አይደለችም። ፋብሪካ ውስጥ ከጋዝ ያደገች ናት። ቁመቷም ወርዷም 5 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቷ ግማሽ ሚሊ ሜትር ነው። ቀለበት ላይ እንደምናያት አታብረቀርቅም፤ ዳር ዳሯ ጭስ የነካው ብርጭቆ ይመስላል። ከላይና ከታች ስስ የብረት ቅብ አላት። ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ላይ ተጣብቃለች። ውጭ አገር የሚሠራ ጓደኛዬ ነው የሰጠኝ። እነሱ ጋ አሮጌ ተብላ መሳቢያ ውስጥ ተኝታ ነበር።

ሥራዋ የቅንጣት ሴንሰር መሆን ነው። ቻርጅ (የኤሌክትሪክ ሙል) ያለው ቅንጣት፣ ማለትም ከአተም ያነሰ ነገር፣ በውስጧ ሰንጥቆ ሲያልፍ ትንሽዬ የኤሌክትሪክ ምልክት ትሰጣለች። መስጠት አለባት ማለቴ ነው። አሁንም ደህና መሆኗን ማንም አያውቅም። ጅማ የምሄደውም ለዚሁ ነው። እዚያ ፊዚክስ የሚያስተምር የድሮ የክፍል ጓደኛዬ «እኔ ጋ ኦሲሎስኮፕ አለ፣ የጨረር ምንጭ አለ፣ ሥራ የጠማቸው ሦስት ተማሪዎች አሉ፤ አንተ ብቻ ና» አለኝ። ኦሲሎስኮፕ የኤሌክትሪክ ምልክትን ስክሪን ላይ ስሎ የሚያሳይ መሣሪያ ነው።

ለእናቴ ይህን ሁሉ አስረዳኋት። «እሺ» አለች፤ ቅር እንዳላት ግን ያስታውቃል።

ሰኞ፣ መንገድ

ከሌሊቱ 11 ሰዓት አውቶቡስ ተራ ነበርኩ። ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሻንጣዬ ከነኬብሉ፣ ከነአምፕሊፋየሩ (ምልክት ማጉያው) ጣሪያ ላይ ወጣ። አልማዟን ግን በፕላስቲክ ሳጥን አድርጌ እንደ ክታብ ደረት ኪሴ ውስጥ ያዝኳት።

አጠገቤ የተቀመጡት ሰው የጅማ ቡና ነጋዴ ናቸው። ዕድሜያቸው ከአባቴ ጋር ይመጣጠናል። ቱሉ ቦሎን እስክናልፍ ድረስ ተኙ። ወሊሶ ላይ ነቅተው ወዴት እንደምሄድ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው።

«አልማዝ ከከሰል ነው የሚሠራው የሚባለው እውነት ነው?» አሉኝ።

«ዘሩ አንድ ነው ጋሼ። ሁለቱም ካርቦን ናቸው።»

የእኔዋ እንዴት እንዳደገች ለማስረዳት ሞከርኩ። ብዙ ሃይድሮጅን፣ ጥቂት ሜቴን አንድ ክፍል ውስጥ ይገባል። በማይክሮዌቭ ኃይል ጋዙ እስኪያበራ ይጋላል። ከሜቴኑ የተላቀቀው ካርቦን የማዕድ ቤት ግድግዳ ላይ እንደሚያርፍ ጥቀርሻ ቀስ እያለ ታች ያለው ሳህን ላይ ያርፋል። እንደ ጥቀርሻ ለመቅረት የሚሞክረውን ሃይድሮጅኑ እየጠረገ ያወጣዋል። የሚቀረው አልማዝ ነው። በሰዓት የሚያድገው ጥቂት ማይክሮን (የሚሊ ሜትር ሺኛ) ብቻ ስለሆነ ግማሽ ሚሊ ሜትር ለመሙላት ቀናት ይፈጃል።

«ውድ ነው በለኛ!»

«ውድ ነው።»

«ታዲያ በርካሽ ነገር ለምን አይሠሩትም?»

ነጋዴ ናቸውና ዋናውን ጥያቄ በአንድ ጊዜ አገኙት። በርካሹማ ይሠራል። የብዙ ዲቴክተሮች፣ የቅንጣት መመርመሪያ መሣሪያዎች ማለት ነው፣ ሴንሰራቸው ሲሊኮን ነው። ሲሊኮን ምልክቱም ትልቅ ነው። ችግሩ ጨረር ሲበዛበት ነው። ቅንጣቶቹ አተሞቹን ከቦታቸው እየገፉ ያፈናቅሏቸዋል። ያኔ ማንም ሳይነካው በራሱ ኤሌክትሪክ ማፍሰስ ይጀምራል፤ ማቀዝቀዣም ይፈልጋል። አልማዝ ውስጥ ግን አተሞቹ ተቆላልፈዋል። አንዱን ከቦታው ለማንሳት 43 ኤሌክትሮን ቮልት (በአተም ደረጃ ጉልበት የሚለካበት መለኪያ) ያህል ይጠይቃል፤ የሲሊኮኑ ከዚህ ግማሽም አይሞላም። አልማዝ በተራ የክፍል ሙቀትም ዝም ብላ ትቀመጣለች።

ይህ ጥንካሬ ግን ዋጋ አለው። ሲሊኮን ውስጥ አንድ ኤሌክትሮን ለማስለቀቅ 3.6 ኤሌክትሮን ቮልት ይበቃል። አልማዝ 13 ትጠይቃለች። ስለዚህ የምትሰጠው ምልክት ትንሽ ነው።

«ቁጥብ ናት በለኛ» አሉ ሰውየው፤ ሳቅን። ከዚህ የተሻለ አነጋገር በየትም ጉባኤ አልሰማሁም።

ወልቂጤ ላይ ቁርስ በላን። የግቤ በረሃ እንደ ሁልጊዜው ምድጃ ነው። መስኮት ሁሉ ተከፈተ፤ ከኋላ ወንበር አንዲት እናት «ንፋስ ልጄን ሊመታብኝ ነው» ብለው ዝጉ አሉ፤ ክርክር ተነሳ። ሰኮሩ ስንደርስ አየሩ ቀዘቀዘ። አሰንዳቦን አልፈን ሰርቦ ላይ ዝናብ ተቀበለን። ሰኔ ነው። ጅማ ስንገባ አስፋልቱ ወንዝ ሆኗል፤ ባጃጆቹም እንደ ጀልባ ውኃ እየቀደዱ ይሄዳሉ። ነጋዴው ስልካቸውን ሰጡኝ። «ነገ ማታ መጋዘን ና፤ ቡና እንጠጣ» ብለውኝ ወረዱ።

ማክሰኞ፣ ጅማ

ጠዋት ላቦራቶሪ ገባን። ተማሪዎቹ ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት ናቸው። ልጅቷ ማስታወሻ ደብተር ይዛለች፤ ወንዶቹ ስልክ። የላቦራቶሪው ቴክኒሺያን በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። የጨረር ምንጩ ቁልፍ ያለው እሳቸው ጋ ብቻ ነው። ሳያስፈርሙ አያወጡም፤ ደስ ይለኛል እንዲህ ያለ ሰው።

የመጀመሪያው ፈተና ቀላል ነው። ቮልቴጅ ስጣት፣ ምን ያህል ኤሌክትሪክ ታሾልካለች? ልማዱ ለአንድ ማይክሮን አንድ ቮልት ነው። የእኛ 500 ማይክሮን ስለሆነች እስከ 500 ቮልት ቀስ እያልን እንወጣለን። ጤነኛ አልማዝ ያኔም ቢሆን ከአንድ ናኖ አምፒር (የአምፒር ቢሊዮንኛ) በታች ነው የምታሾልከው።

100 ቮልት፣ ሰላም። 200፣ መርፌው ተነቃነቀ። 300 ላይ 20 ናኖ አምፒር። 400 ላይ 60 ደረሰና መዝለል ጀመረ። አንዴ 40፣ አንዴ 90። ወዲያው አጠፋሁት።

ልቤ ወረደ። የትናንቱን መንገድ አሰብኩ። እያንዳንዱን ጉድጓድ አሰብኩ። ጓደኛዬ «ሰንጥቀሃታል» አለኝ። አጉሊ መነጽር አምጥተን አየናት። ስንጥቅ የለም። እንደገና ሞከርን፤ ያው። ልጅቷ «አሮጌ ተብላ የተጣለችው ለዚህ ይሆናል» አለች። እውነት ሊሆን ይችላል። ምሳ ሳይጣፍጠኝ በላሁ። ከሰዓት በኋላ የሚረባ ነገር አልሠራንም።

ማታ ነጋዴው መጋዘን ሄድኩ። ጀንፈል በጆንያ እስከ ጣሪያ ተከምሯል። አንድ ገበሬ ናሙና አምጥቶ ነበር። ሰውየው ከጆንያው እፍኝ አወጡ፣ ፍሬውን ጥርሳቸው መሀል አድርገው ነከሱት። ከዚያ ለማረጋገጥ ትንሽ የእርጥበት መለኪያ ውስጥ ጨመሩት። ራሳቸውን ነቀነቁ። «አልደረቀም። ማድረቂያ አልጋው ላይ መልሰው።» ገበሬው ሊከራከር ሲል፦ «ቡናህ ጥሩ ነው። ቡናውን አልሰደብኩትም። እርጥበቱ ነው።»

ስኒውን ይዤ ቀረሁ።

እርጥበቱ ነው። አልማዝ ውኃ አይገባትም። ፊቷ ላይ ግን ይቀመጣል። የጣት ቅባት፣ አቧራ፣ ቦርዱ ሲበየድ የቀረ ኬሚካል እርጥበት ሲያገኝ ስስ መንገድ ይሆናል። ኤሌክትሪኩ በአልማዟ ውስጥ ሳይሆን በቆዳዋ ላይ፣ ከላይኛው ብረት ወደ ታችኛው ዞሮ ይሄዳል። እኛ ስንለካ የዋልነው አልማዟን አልነበረም። የሰኔን ዝናብ ነበር። በደህና ላቦራቶሪ ሴንሰሩን ደረቅ ናይትሮጅን እየነፉበት የሚለኩት ለምን እንደሆነ አውቃለሁ። ተምሬዋለሁ። ግን እስኪነግሩኝ ድረስ አላሰብኩትም። የሚያሳፍረው እሱ ነው።

ረቡዕ

ናይትሮጅን የለንም። ያለን ሲሊካ ጄል ነው፤ ጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገኘው «አትብላ» የተጻፈበት። ቤተ ሙከራው ውስጥ አንድ ጠርሙስ ሙሉ ተገኘ፤ ግን ዓመታት ክፍት ቆይቶ እርጥበት ጠግቧል። ሲሞቅ ውኃውን ይለቃል፤ እንደገናም ይሠራል። ምድጃ ፍለጋ በር ላይ ቡና የሚያፈሉት እትዬ ጋ ሄድኩ። ብረት ምጣዳቸውን እንዲያውሱኝ ለመንኩ።

«ምን ልትቆላበት?»

ጠርሙሱን አሳየኋቸው። ምጣዳቸውን ወደ ደረታቸው ሳቡ። «የቡና ምጣድ ሌላ ሽታ አይወድም። ሂድ!» አሉኝ። ልክ ናቸው። እንዲያውም አንዳንዱ ሲሊካ ጄል ላይ ያለው ቀለም መርዛማ ስለሆነ ምግብ በሚነካ ዕቃ ላይ መቁላት አይገባም። ከገበያ የራሳችንን ርካሽ ምጣድ ገዛን። ከሰሉን ግን ሰጡኝ። እሳቸው ቡና፣ እኔ ሲሊካ፤ ጎን ለጎን ቆላን። መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ያያል።

አልማዟን በንጹሕ አልኮል አጥበን፣ በሞቀ አየር አድርቀን፣ ባዶ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ውስጥ አስገባናት። ቆርቆሮው ለሁለት ጉዳይ ነው። እርጥበትን ይዘጋል፤ ነገ ደግሞ የሬዲዮ ሞገድ ይከለክልልናል። ሲሊካውን በጨርቅ ቋጥረን አብረን ከተትን። ለኬብሎቹ ቀዳዳ አበጀን፣ በማጣበቂያ ደፈንን። ሁለት ሰዓት ጠበቅን።

500 ቮልት። ግማሽ ናኖ አምፒር እንኳ አልሞላም። መርፌው ተኝቷል።

ጓደኛዬ ግን ፊዚክስ አስተማሪ ነው፤ በአንድ ጊዜ አያምንም። «አልኮሉ ይሁን፣ ሲሊካው ይሁን፣ ዕድል ይሁን በምን ታውቃለህ?» አለኝ። እውነቱን ነው። አንዱ ተማሪ ከካፌ ስትሮ አመጣ። ቮልቴጁን ዝቅ አድርገን አንዷን ቀዳዳ ከፈትን። ልጁ በስትሮው አንዴ ቀስ ብሎ እፍ አለ። መርፌው ብድግ! ትንሽ ቆይቶ ተመልሶ ተኛ። ደግመን፣ ሠልሰን አደረግነው። በእያንዳንዷ ትንፋሽ ይነሳል፣ ይተኛል። ከዚህ በኋላ ማንም አልተከራከረም።

ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ መብራት ሄደ። ቮልቴጁን አስቀድመን አውርደን ስለነበር አምፕሊፋየሩ ተረፈ። ጨለማ ውስጥ ተቀምጠን ሳለ ቴክኒሺያኑ ጠየቁን፦ «እኔ የምለው፣ ይህች ነገር የት ነው የምትሠራው? ለማን?»

ሁሉንም ኮሪደር ላይ አወጣኋቸው። በስዊዘርላንድና በፈረንሳይ ድንበር ሥር፣ ሰርን በሚባለው ተቋም፣ 27 ኪሎ ሜትር ዙሪያ ያለው ቀለበት አለ። በውስጡ ፕሮቶን የሚባሉ ቅንጣቶች ወደ ብርሃን ፍጥነት ተጠግተው በተቃራኒ አቅጣጫ ይሮጡና ይጋጫሉ። አትላስ የሚባለው ግዙፍ ዲቴክተር ግጭቱ የሚሆንበትን ቦታ ከብቦ ተቀምጧል። ከግጭቱ ቦታ ግራና ቀኝ፣ 1.84 ሜትር ርቀት ላይ፣ አራት አራት የአልማዝ ዘቦች ተተከሉ። የእኛን የመሰሉ፣ ግን አንድ ሴንቲ ሜትር በአንድ ሴንቲ ሜትር የሆኑ። ሥራቸው ጥበቃ ነው።

ሁለቱን ወንዶች ኮሪደሩ መሀል ጀርባ ለጀርባ አቆምኳቸው። «በየአቅጣጫችሁ እኩል ተራመዱ» አልኩ። ሁለቱም በሮች ጋ እኩል ደረሱ። «ይህ ግጭት ነው። ከመሀል ስለተነሳ ሁለቱም ዘብ በአንድ ጊዜ ያየዋል።» ልጅቷን ከኮሪደሩ ውጪ አስነስቼ ከዳር እስከ ዳር አስኬድኳት። «እሷን ግን አንደኛው በር ቀድሞ ያያታል፤ ሌላኛው ዘግይቶ።» ያ ማለት ከመሀል ያልተነሳ፣ ከመስመር የወጣ ጨረር ነው። ልዩነቱ 12 ናኖ ሰከንድ ገደማ ነው። እንዲህ ያለው ከበዛ ማሽኑ የሚሮጡትን ፕሮቶኖች ከቀለበቱ አውጥቶ እንዲጥል ምልክት ይሰጣል፤ አለበለዚያ ውስጥ ያለውን ውድ ሲሊኮን ሊያበላሸው ይችላል።

«አሃ፣ ዘበኛ!» አሉ ቴክኒሺያኑ። «ለዘበኝነትማ ቁጥብ ሰው ነው የሚሻል።» ይህች ቃል ከአውቶቡሱ ተከትላኝ መጣች መሰለኝ።

ሐሙስ

የገበያ ቀን ነው። ሒርማታ ገበያ በኩል ማለፍ አይቻልም። የጅማን ባለሦስት እግር በርጩማ በትከሻው የደረደረ ልጅ ባጃጃችንን ሊገለብጥ ምንም አልቀረውም።

የዛሬው ዋናው ፈተና ነው። ቅንጣት ሲያልፍ ታያለች ወይ? ምንጩ ስትሮንቲየም 90 ነው። ራሱ የሚተፋው ኤሌክትሮን ደካማ ነው፤ ከእሱ የሚወለደው ኢትሪየም 90 ግን እስከ 2.28 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ያለው ኤሌክትሮን ይተፋል። ያ አልማዟን በስቶ ያልፋል። ቴክኒሺያኑ ምንጩን በረጅም ወረንጦ አወጡት። ከፊት ወፍራም የፕላስቲክ መከላከያ ነበር። ተማሪዎቹ «እርሳስ አይሻልም?» አሉ። ለእንዲህ ያለ ኤሌክትሮን መጀመሪያ ፕላስቲክ ነው። በእርሳስ በቀጥታ ስታቆመው ሌላ ጨረር፣ ኤክስሬይ ይፈጥራል።

ከአልማዟ ሥር ሲንቲሌተር አስቀመጥን፤ ቅንጣት ሲያልፍበት ብልጭ የሚል ፕላስቲክ ነው። እሱ ብልጭ ካለ ቅንጣቱ አልማዟን አልፏል ማለት ነው። ኦሲሎስኮፑ ያን ጊዜ ብቻ ይመለከታል።

አሁን ሒሳቡን እዩት። አንድ ቅንጣት በእያንዳንዱ ማይክሮን 36 ያህል ኤሌክትሮን ያስለቅቃል። በ500 ማይክሮን 18,000። ብዙ ይመስላል፤ እንደ ኤሌክትሪክ ግን ኢምንት ነው። ሁሉም ደግሞ አይደርስም። የእኛ አልማዝ አንድ ወጥ ክሪስታል አይደለችም። ብዙ ትንንሽ ክሪስታሎች ተጎራብተው የተሠሩባት ናት። በየድንበራቸው ኤሌክትሮን የሚይዙ ወጥመዶች አሉ።

መጀመሪያ ያየነው ምልክቱን ሳይሆን ሬዲዮ ነበር። እውነተኛ ሬዲዮ። ኬብላችን አንቴና ሆኖ የኤፍኤም ሞገድ ይሰበስባል። ስልክ በጮኸ ቁጥር ስክሪኑ ይንቀጠቀጣል። ስልኮች ሁሉ ጠፉ፤ ወንዶቹ ፊታቸው ጨለመ። ቆርቆሮውን ከአምፕሊፋየሩ ጋር በአጭር ሽቦ አገናኘነው። ኬብሎቹን በአልሙኒየም ፎይል ጠቀለልን። መሬት የሚነካውን መስመር ከሁለት ቦታ ወደ አንድ ቦታ ሰበሰብን። ይህ ብቻ አራት ሰዓት ፈጀ። ስለ ቅንጣት ፊዚክስ ሲወራ ይህን ማንም አያወራውም፤ ከሥራው ግማሹ ግን ዝምታ መፍጠር ነው።

ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ ስክሪኑ ላይ አንዲት ጉብታ ታየች። ከዚያ ሌላ። ከዚያ ሌላ። ልጅቷ በእጇ አፏን ያዘች። ጓደኛዬ ምንም አላለም፤ ትከሻዬን መታኝ።

ብዙ መቶ ጉብታ መዝግበን ስናሰላው መካከለኛው 5,000 ኤሌክትሮን ገደማ ሆነ። ከ18,000 ውስጥ ማለት ነው። ተማሪዎቹ ተከፉ። «ታማለች» አሉ።

አልታመመችም። ገና አልነቃችም። ሰኞ የመጣሁበት መንገድ ጥሩ ምሳሌ ነው። ጉድጓድ የበዛበት መንገድ ላይ መጀመሪያ የሚመጣው መኪና ይወድቃል። ጉድጓዶቹ በጠጠር ሲሞሉ ግን ኋላ የሚመጣው ያልፋል። አልማዝ ውስጥም መጀመሪያ የሚለቀቁት ቻርጆች ወጥመዶቹን ይሞላሉ። ሲሞሉ የሚቀጥሉት ይሻገራሉ። ስለዚህ ምንጩን ፊት ለፊቷ አድርጎ ሌሊቱን መተው ነው። ቴክኒሺያኑ በሁለት ቁልፍ ቆልፈው፣ በሩ ላይ ማስጠንቀቂያ ለጥፈው፣ አስፈርመውኝ ወጣን።

ዓርብ

አልማዟ እስክትጠግብ እኛ ጅሬን ወጣን። ከከተማው ሰባት ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ኮረብታው ላይ፣ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት አለ። አባ ጅፋር ሁለተኛው ከ1878 እስከ 1932፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ የጅማ ንጉሥ ነበሩ። የእንጨቱ ሥራ ያስደንቃል። ከሰገነቱ ጅማ በጭጋግ ውስጥ ትታያለች። ጓደኛዬ ስለ ንጉሡ ያወራል፤ እኔ ስለ ወጥመዶቹ አስባለሁ። ጥሩ እንግዳ አልነበርኩም። ከጁምዓ ሰላት በፊት ተመለስን፤ በኋላ መንገዱ ይሞላል።

ላቦራቶሪ ስንገባ ልጅቷ ቀድማናለች። ደብተሯን ዘረጋችልኝ። 7,000 ኤሌክትሮን። ከትናንቱ በ40 በመቶ ከፍ ብሏል። እንዴት ደስ እንዳለኝ!

ደስታዬ ነው የጎዳኝ። ወሬው ተሰማና ከሌሎች ክፍሎች መምህራን መጡ። «አልማዟን እስቲ እንያት» አሉ። እኔም ምንጩ ወደ ሳጥኑ ከተመለሰ፣ ቮልቴጁም ከወረደ በኋላ ቆርቆሮውን ከፍቼ መስኮት ላይ ወሰድኳት። ዝናቡ ቆሞ ፀሐይ ወጥታ ነበር። ዞር ዞር አድርጌ አሳየኋቸው። ተደነቁ። ፎቶ አነሱ። ግማሽ ሰዓት ያህል ወሬ ያዝን።

መልሰን ስንለካት 5,000።

አንዴ ዝም አልኩ። ከዚያ ገባኝ፤ ግንባሬን መታሁ። ብርሃን ወጥመዶቹን ያራግፋቸዋል። የሌሊቱን ሁሉ ሥራ የከሰዓቷ ፀሐይ ጠራርጋ አወጣችው። በጨለማ ውስጥ ብትቆይ ጠግባ በሰነበተች ነበር። ይህንንም ተምሬዋለሁ! በሳምንት ሁለት ጊዜ የማውቀውን ነገር በጅማ ፀሐይና በጅማ ዝናብ ተማርኩ።

ተማሪዎቹ ሳቁብኝ፤ መብታቸው ነው። ልጅቷ ግን አልሳቀችም። «ታዲያ ሆን ብለን ብናደርገውስ?» አለች። «መሙላት፣ መለካት፣ ብርሃን ማሳየት፣ መለካት። ብርሃኑን ደግሞ እየቀያየርን። ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ።» ጓደኛዬን አየሁት፤ እሱም አየኝ። የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ከዚህ በላይ ከየት ይመጣል?

ቅዳሜ

ምንጩ ቅዳሜና እሑድ ከሳጥኑ አይወጣም፤ ደንብ ነው። ስለዚህ ከሰማይ የሚመጣውን ተጠቀምን። ሙዎን የሚባሉ ቅንጣቶች ከላይ ሲዘንቡ ይውላሉ። በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር በደቂቃ አንድ ገደማ። የአልማዟ የብረት ቅብ 4 ሚሊ ሜትር በ4 ሚሊ ሜትር ስለሆነ በስድስት ደቂቃ አንድ ይደርሳታል። ጅማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ትንሽ ይጨምራል። ሲንቲሌተሩ ሰፊ ነው፤ አብዛኛው ጊዜ ብልጭ ሲል አልማዟ ላይ ምንም የለም። ስትጠብቅ፣ ስትጠብቅ፣ አንዷ ጉብታ ብቅ ትላለች። ዓሣ ማጥመድ ነው። አንደኛው ልጅ ሰባት ቆጥሮ እንቅልፍ ወሰደው።

ማታ እትዬ ጋ የመጨረሻ ቡና ጠጣን። ምጣዳችንን አይተው «አሁን ይሄ ለምን ይውላል?» አሉ። ለላቦራቶሪው ሰጠነው። አልማዟንም እዚያው ልተዋት ወሰንኩ። አዲስ አበባ መሳቢያ ውስጥ ከምትተኛ ሦስት ሰው ቢጨቃጨቅባት ይሻላል። ልጅቷ ቆርቆሮውን በጥቁር ፕላስተር ዙሪያውን ጠቀለለችው። ላዩ ላይ በማርከር ጻፈችበት፦ «አይከፈት። ጋሼም ቢሆን።»

እሑድ፣ መንገድ

ግቤ ወንዝ ጋ ሙቀቱ ሲጀምር ስልኬ ጮኸ። ከልጅቷ ነው።

«ጋሼ፣ እንዴት ዋሉ? ሌሊት መብራት ሄዶ ነበር። ጠዋት ሰዎች ሊያዩዋት መጡ። ቆርቆሮውን አልከፈትንም።»

ቀጥሎ የእናቴ መልእክት ነበር፦ «ተመለሳችሁ?»

«ብቻዬን ነኝ» ብዬ መለስኩላት። «አልማዝ ጅማ ቀረች።»

ወዲያው ደወለች።